ረቡዕና ዓርብ በኢማን ደብተር

ኢማን ኮሌጅ የገባች ሰሞን ምን እንደምትማር ጠየቅኋት። «ሰው እንዳይታመም ማስተማር» አለችኝ። ሳቄ መጣ። እኛ አገር የሚማሩት የታመመውን ለማዳን ነው፤ የእኔ ልጅ ቃልኪዳን ደሴ ላይ ነርስነት የምትማረው ለዚያ ነው። ያልታመመውን ማን ይነካዋል? ኢማን ግን አልሳቀችም። የሴቶች ቴክኒክ ኮሌጅ ነው፣ ትምህርቱም ጤና ማጎልበት ይባላል፤ ስለ ምግብ፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ደም ግፊት ነው አለችኝ። እናቷ፣ መዳሜ፣ ለጎረቤት ስታወራ «ሕክምና ነክ ነው» እያለች ታሳምረው ነበር።

ይቺን ልጅ ከአሥራ ሦስት ዓመቷ ጀምሮ ፀጉሯን እየጎነጎንኩ፣ ስታተኩስ አጠገቧ እየተቀመጥኩ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ዐረብ አገር፣ ዐዚዚያ የሚባል ሰፈር ባለው ቤታቸው ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ ላይ ስሜ ዘይነብ ይላል። ደላላው ነው ያወጣልኝ፤ «በክርስቲያን ስም ከሆነ ቪዛው ይጓተታል» ሲለኝ እሺ አልኩ። በዚያን ጊዜ ከእኛ ቀበሌ የወጣን ክርስቲያን ሴቶች ሁላችንም እንዲሁ ነበርን። ወሎ ያደገ ሰው ቢስሚላሂ ለማለት አስተማሪ አይፈልግም፤ ግማሹ ዘመዴ ሙስሊም ነው። ያስቸገረኝ ስሙ ሳይሆን ጾሙ ነበር። ረቡዕና ዓርብ «ጨጓራዬን ያመኛል» እያልኩ ስድስት ዓመት አለፍኩ።

የምፈልገው አንድ ዓመት ብቻ ነበር። ቃልኪዳን እስክትመረቅ እዚህ ቤት ልቆይ እንጂ፣ ከዚያ በኋላ ማንም ሳያባርረኝ ሻንጣዬን እሸክማለሁ።

ሁለተኛ ዓመቷ ላይ ኢማን የተግባር ሥራ ታዘዘች። እያንዳንዷ ተማሪ አንድ ሰው ይዛ አሥር ሳምንት ትከታተላለች፤ የሚበላውን፣ የሚተኛበትን፣ ግፊቱን በደብተር ትጽፋለች፤ ልማዱን አስተካክላ ለውጡን ታሳያለች። «አንቺን ልያዝ» አለችኝ። መለኪያውን ክንዴ ላይ ጠቅልላ ስትጫነው መቶ ስድሳ አምስት አለ። እሷ ደነገጠች፤ እኔ ደግሞ ስትደነግጥ አይቼ ደነገጥኩ።

ጨው ቀነሰችብኝ። ከዐስር፣ ከከሰዓቱ ሰላት በኋላ ሰገነት ላይ ወዲያ ወዲህ እንድል አዘዘችኝ፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ አንድ ኩባያ እርጎ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። እዚህ አገር ከመጣሁ «ምን በላሽ? እንዴት አደርሽ?» ብሎ ጠይቆኝ የጻፈልኝ ሰው የለም። እርጎውን ግን ረቡዕና ዓርብ የኩሽናው መታጠቢያ ውስጥ እደፋው ነበር።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ስደፋ ያዘችኝ። ደብተሯን ገልጣ በጣቷ ታሳየኝ ጀመር። «ሰኞና ሐሙስ ቢሆን የሱና ጾም ነው እላለሁ። ረቡዕና ዓርብ ምንድን ነው?»

«ጨጓራዬ ነው» አልኳት።

አልተቆጣችም። የኩሽናው ወለል ላይ አስቀምጣኝ ከጎኔ ተቀመጠችና ባለፈው መንፈቅ አንድ ትምህርት እንደወደቀች፣ እናቷም እንደማታውቅ ነገረችኝ። «አንቺ ብቻ ነሽ የምታውቂው» አለችና አቀረቀረች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? እኔም ሞኟ የደበቅሁትን ሁሉ አወጣሁት። ክርስቲያን ነኝ፤ ስሜ ፋንታዬ ነው አልኳት።

«ፋንታዬ» አለች ቀስ ብላ፤ ከዚያ አቀፈችኝ። «ወላሂ፣ ከእኔ አይወጣም።»

በማግስቱ ለተግባር ሥራዋ የፈቃድ ወረቀት ይዛ መጣች። ዐረብኛ እናገራለሁ እንጂ አላነብም። «ስምሽም ፊትሽም አይታይም ነው የሚለው። በእውነተኛ ስምሽ ፈርሚ፤ አለዚያ ወረቀቱ ዋጋ የለውም» አለችኝ። በራሴ ፊደል ፋንታዬ ብዬ ጻፍኩ። ስሜን ከጻፍኩት ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበር።

ዑድ ሰፈር የምትኖረው ጓደኛዬ ገነት በስልክ ስነግራት ጮኸችብኝ። «ምን ነካሽ እህቴ? ለመዳም ልጅ?»

«አንቺ አታውቂያትም» አልኳት።

«ኸላስ፣ በቃ፤ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው» ብላ ዘጋችብኝ። ቅናት መሰለኝ።

ከዚያ ወዲያ ኢማን ሰው በሌለበት ፋንታዬ እያለች ትጠራኝ ጀመር። በእርጎው ፈንታ የተቀቀለ ሽምብራ ጻፈችልኝ፤ ረቡዕና ዓርብ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ። ዘጠነኛው ሳምንት ላይ ግፊቴ መቶ ሃያ ስምንት ደረሰ። ለቃልኪዳን ደውዬ ስነግራት «እማ፣ ማን ነው ያከመሽ?» አለችኝ። «ልጄ» አልኳት፤ ሳቀች።

በዚያው ሳምንት ኮሌጁ የተማሪዎቹን ሥራ ለእናቶች አሳየ። ሽምብራውንና ቴምሩን ያዘጋጀሁት እኔ ነበርኩና ትሪውን ይዤ ከመዳም ጋር ሄድኩ። ኢማን አንድ ትልቅ ሰሌዳ አጠገብ ቆማለች። እውነቷን ነው፤ ስሜም ፊቴም የለበትም። መምህሯና ሴቶቹ ሲከቧት ግን ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። «ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት። በሙስሊም ስም የምትኖር ክርስቲያን ናት። ረቡዕና ዓርብ ተደብቃ ትጾማለች።»

በዚያ አዳራሽ ትሪ የያዘች ኢትዮጵያዊት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሴቶቹ መጀመሪያ ሰሌዳውን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ።

«እንዴት አመነችሽ?» አለች መምህሯ።

«ክፍል ውስጥ እንደተማርነው ነው። ሰው የሚከፈተው ሲከፍቱለት ስለሆነ ስለ ራሴ አንድ ምስጢር ነገርኳት። በእውነተኛ ስሟ መጥራትም ረድቶኛል።»

አንዷ እናት «ምስጢሩ እውነት ነበር?» ብላ ጠየቀቻት።

ኢማን ፈገግ አለች። «የለም፣ ፈጠርኩት።»

ሴቶቹ ሳቁ፤ መምህሯም አጨበጨበች። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ የሚባለውን ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማው ነበር፤ የገባኝ ያን ዕለት ነው። ከሁሉ በላይ ያቃጠለኝ ሃይማኖቴ መነገሩ አልነበረም። ያ ሁሉ ማቀፍ፣ ያ ከወለሉ ላይ መቀመጥ፣ ነጥብ የሚያዝበት መሆኑ ነው። ትሪውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ፤ አንዷ መጥታ ቴምር አነሣችበት።

ቤት እንደገባን መዳም ሳሎን ቁጭ አደረገችን።

«ከመጀመሪያው ረመዳን ጀምሮ አውቃለሁ» አለችኝ። «አሰጋገድሽን አይቻለሁ። ልጆቼን በደንብ ስለያዝሽልኝ ዝም አልኩ። አሁን ግን ጎረቤቶቼ ሰሙ። ነገ አንዷ ለባሏ ብትነግር፣ በሐሰት ስም ሰው አስቀመጥክ ተብሎ የሚጠየቀው ለኢቃማሽ የፈረመው ባለቤቴ ነው።» ወደ ኢማን ዞረች። «ማን ጻፊው አለሽ?»

ኢማን ወረቀቱን ከቦርሳዋ አወጣች። «እሷ ናት የፈቀደችው። ይኸው ፈርማለች።»

መዳም ወረቀቱን አዙራ ፊደሉን አየችው። «ምን ይላል?»

«ፋንታዬ ይላል» አልኩ።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ኢማን ደግሞ ስልኳን ትነካካ ነበር። «የመውጫ ቪዛ፣ ኹሩጅ ይመታልሻል፤ በዚህ ሳምንት ትሄጃለሽ» አለችኝ መዳም። ልጄ ልትመረቅ አንድ ዓመት ቀርቷታል አልኳት። ታውቅ ነበር። ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሣች።

ልሄድ አንድ ቀን ሲቀረኝ ሻንጣዬን ስሸክፍ ኢማን በሩን አንኳኳች። ይቅርታ ልትለኝ መስሎኝ ልቤ ዘለለ፤ እንዲህ ያለ ልብ ነው ያለኝ። መለኪያውንና ደብተሩን ይዛለች።

«ዘይነብ፣ አሥረኛው ሳምንት ቀርቶናል። መምህሯ ያለ እሱ አትቀበልም።»

ክንዴን ሰጠኋት። እምቢ ማለት እችል ነበር፤ ግን ግፊቴን ስንት እንዳደረሱት ራሴም ማወቅ ፈለግሁ። መቶ ሰባ ስምንት አለ። ኢማን ቁጥሩን አይታ ከንፈሯን ነከሰች። «ይሄ መስመሩን ያበላሽብኛል» አለችና መቶ ሃያ ስድስት ብላ ጻፈች።

«የጾሜን እውነት ጻፍሽ» አልኳት። «የስሜን እውነት ጻፍሽ። ይሄንንስ ምነው?»

«ኸላስ ዘይነብ፤ አንቺ እኮ ልትሄጂ ነው። ምን ይጎዳሻል?»

ደብተሩን ዘግታ ወጣች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና መምጣቴን ልነግራት ለቃልኪዳን ደወልኩ። ከክፍል እየወጣች ነበር፤ ጓደኞቿ ሲሳሳቁ ይሰማኛል።

«እማ፣ ግፊትሽስ እንዴት ነው?» አለችኝ አስቀድማ።

«ተሽሎሻል ብለው ጽፈዋል» አልኳት። መምጣቴን ሳልነግራት «አንቺስ ምን በላሽ?» አልኳት።