ሣሩን ማን ላከው

ፈቃደ ችኩል ነጋዴ ነው። በ1989 ክረምት ሲቀላ ሰፈር ካለው መጋዘኑ ደጅ በቆሎ የጫነ መኪና ቆሞ ሳለ ሰማዩ ጠቆረበት። ጫኝና አውራጆቹ ከላይ ጀምረው እስኪያወርዱ መታገሥ አቅቶት ጭነቱን ደግፎ የያዘውን የመኪናውን የጎን መዝጊያ፣ ስፖንዳውን፣ ራሱ ከፈተው። ከጫኝና አውራጆቹ አንዱ ኦይታ ከሥር ነበር፤ ኩንታሎቹ ተንደው ቀኝ እግሩን አደቀቁት።

ፖሊስ ሲጠይቀው ፈቃደ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ሰክሮ ራሱ ነው የከፈተው» አለ። የኦይታ ባልደረቦች መጋዘን ውስጥ ስለነበሩ ያየ የለም። ኦይታ መጠጥ ቀምሶ የማያውቅ የጸሎት ቤት ሰው ነው። ከእግሩ ይልቅ ይህ ውሸት አንገበገበው፤ ያ ሰው በገዛ አፉ እውነቱን ሲናገር መስማት ብቻ ፈለገ።

ክስ ያሰጋው ፈቃደ፣ እንደ ኦይታ ያለ ጋሞ፣ ለእርቅ እርጥብ ሣር ይዘው ከተንበረከኩለት እምቢ እንደማይል ሰምቶ ከጨንቻ ሽማግሌዎች ለምኖ አመጣ። ዕለቱ እሁድ ነበርና ባልደረቦቹም ኦይታን ሊጠይቁ ቤቱ መጥተዋል። ሽማግሌዎቹ ሣሩን ይዘው ግቢው ውስጥ ተንበረከኩ። ፈቃደ አጥሩ ሥር ቆመ።

«ለዚህ ውሸታም ነው የምትንበረከኩት?» ብላ ጮኸች የኦይታ ሚስት ጌጤ።

ኦይታም ተናዶ ነበር። ቢሆንም ሣር የያዙ አባቶችን አሳፍሮ መመለስ አይችልም። ምርኩዙን ተደግፎ፣ «ተነሱ አባቶቼ። ሣሩን ማን ላከው?» አለ።

«ፈቃደ ነዋ» አሉ ትልቁ ሽማግሌ ባፈና።

«ሣር የሚልከው ማነው?»

«ያጠፋ ሰው።»

ፈቃደ ክው አለ። «ኧረ እኔ ለሰላም ብዬ እንጂ…»

ባፈና ፊታቸው ተለዋወጠ። «ካላጠፋህ በሐሰት አንበርክከኸናል ማለት ነው። ካጠፋህ ደግሞ ጥፋትህን ተናገር። ሳይናገሩ መታረቅ ጎሜ ነው፤ እርግማኑ ልጅ ድረስ ይከተላል።»

ፈቃደ ከአጥሩ ሥር ቀረብ አለ። «ስፖንዳውን የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

«ሰክሬ ነበር?» አለ ኦይታ።

«አልሰከርክም።»

ኦይታ ሣሩን ተቀበለ። «ይቅር ብዬሃለሁ» አለው፤ ቃሉን እንደ መራራ ነገር ተፋው።

ፈቃደ እፎይ ብሎ ወደ ጫኝና አውራጆቹ ዞረ። «አለቀ እንግዲህ። ነገ ማዳበሪያ ይገባል፣ በጠዋት ኑ።»

ከመካከላቸው፣ እስከዚያ ቀን ፈቃደን አንቱ ይለው የነበረው ደግፌ ተነሣ።

«የታረቅኸው ከኦይታ ጋር ነው። ባልደረባችንን ሰካራም ብለህ የዋሸኸው ግን እኛንም ነው፤ ለእኛ ሽማግሌ አልላክህም።»

ጌጤ ሄዳ የአጥሩን በር ከፈተችለት።