የማርጂ ነጭ ቀሚስ

ሆሊዉድ ውስጥ «ካት!» ብሎ ጮኾ ቀረጻ ማስቆም የዳይሬክተሩ ብቻ መብት ነው። የአልባሳት ነዳፊ ከጮኸች ሥራዋን ትሰናበተው። እኔ ሊዮና ደግሞ እዚህ ለመድረስ የሌሎችን ልብስ ጠርዝ ስዘመዝም ነው ወጣትነቴ ያለቀው።

ያን ቀን የሚቀረጸው የቤቱ ቃጠሎ ነበር። በኮከቧ ተዋናይት ፈንታ አደጋ ውስጥ የምትገባው ማርጂ፣ የነደፍኩላትን ነጭ ቀሚስ ለብሳ በነበልባሉ መካከል ልትሮጥ ተዘጋጅታለች። እሳት እንዳይዘው ቀሚሱን በልዩ የኬሚካል ጨው ውሃ ነክሬ ያደረቅሁት ራሴ ስለሆንኩ ተረጋግቼ ቆሜያለሁ።

አልባሿ ኤድና በኩራት ጠጋ አለችኝ።

«አየሽው እንዴት እንዳማረ? ትናንት ልምምድ ላይ ጭቃ ነክቶት ነበር። ዘፍዝፌ፣ አጥቤ፣ ተኮስኩልሽ።»

ክው አልኩ። «ምን አደረግሽው?»

«አጠብኩት አልኩሽ። ደግ ስሠራም ትቆጫለሽ እንዴ?»

ጨዉ ከእጣቢው ጋር ሄዷል ማለት ነው። ያ ስስ ጥጥ አሁን እንደ ደረቅ ሣር ነው። ምናልባት ትንሽ ጨው ቀርቶ ይሆናል እያልኩ ራሴን ሳባብል ቤቱ ተለኮሰ። ፈሪ ነኝ፣ አልደብቅም፤ መጀመሪያ የታሰበኝ እንጀራዬ ነው። ማርጂ ግን ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ ወደ በሩ ስትዞር አየሁ።

«ካት! ማርጂ፣ እንዳትገቢ!»

ካሜራው ቆመ። ዳይሬክተሩ ሚስተር ክሌይቦርን ፊቱ ቲማቲም መስሎ መጣ።

«አንቺ ማን ነኝ ብለሽ ነው? መርፌሽን ይዘሽ ውጪልኝ!»

«ቀሚሱ ታጥቧል፣ ጌታዬ። ይነዳል።»

«ይነዳል? እስቲ እናያለን!»

ወደ እኛ ከመጣችው ማርጂ ቀሚስ ጫፍ ብጣሽ ቀደደና የሲጋራ መለኮሻውን አስጠጋው። ቦግ አለ። ጣቱን ሲፈጀው መሬት ላይ ጣለው።

ማርጂ አመዱን አየችና ክንዴን ያዘች።

«አውልቂልኝ! ሊዮና፣ በእናትሽ አውልቂልኝ!»

ወደ ጀርባዋ ዞርኩ። ለውበት ብዬ ከአንገቷ እስከ ወገቧ ከደረደርኳቸው ጥቃቅን ቁልፎች አንዱም አልፈታ አለኝ። ኤድናም ሞከረች፤ አቃታት፤ መቀስ ፍለጋ ሮጠች። እስክትመለስ ድረስ ማርጂ እየጮኸች፣ እኔ ከቁልፎቹ ጋር እየታገልኩ ቆየን። እሳት ሳይነካት እንኳ ከዚያ ቀሚስ ላወጣት አልቻልኩም፤ እሳት ይዟት ቢሆን ኖሮስ?