የሰርቨሩ ቀን

ምናሴ ፔዳ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ በውድ የተገዛውን ዳታቤዝ ሊኑክስ በሚሠራ ሰርቨር ላይ ለመጫን ሲታገል ይኸው ሦስተኛ ቀኑ ነው። በሞከረ ቁጥር ማሽኑ «የመጠቀሚያ ፈቃዱ መጀመሪያ ቀን ገና አልደረሰም» ይልና ቀጥ ይላል። ወገቡ ተቆርጧል፤ ከጣና የሚመጣው ነፋስ እንኳ አላነቃውም።

የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ወይዘሮ እሌኒ ሻይ ይዘውለት ገቡ።

«አሁንም እንቢ አለህ? ቀኑን እንኳ እኔ አስተካክየልህ ነበር።»

«የምን ቀን?» አላቸው።

«ሰኞ ማሽኑን ከፍተኸው ምሳ ስትሄድ፣ ቀኑ ሰባት ዓመት ቀድሞን ሄዶ አገኘሁትና ወደ እኛው 2018 መለስሁት።»

ምናሴ ሊቆጣ ብሎ ተወውና ሻዩን ተቀበላቸው። እሱም ጠዋት ጠዋት 2018 የሚለውን ስክሪኑ ላይ እያየ፣ ልክ ነው ብሎ ነበር የሚያልፈው።