የስምንቱ በቅሎዎች ባለቤት

ሀብታም ሁሉ ሌባ ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ሱቄ መጥቶ ዱቤ የከለከልኩት ሰው መሆን አለበት። እኔ ኡሙሰልማ ነጋዴ ነኝ። ደባርቅ፣ በቅሎ ተራው አጠገብ፣ ጨውና ገመድ እሸጣለሁ፤ ትርፍም እወዳለሁ። አባቴም ነግዶ ነው ያሳደገኝ። ስለዚህ ስለ ሀብታሙ ሚናስ የማወራው በምቀኝነት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ምቀኝነት አለበት፤ ነገሩ ግን እውነት ነው።

የበቅሎ ተራው ሕግ አጭር ነው፤ አንድ ቤት፣ አንድ በቅሎ። እንግዳ ወደ ስሜን ተራሮች ሲወጣ፣ ወይም መኪና ለማይገባበት አገር ጭነት ሲመጣ፣ ተራው የደረሰው ይጭናል። ጭኖ የተመለሰ ከሰልፉ መጨረሻ ይገባል። ብዙ በቅሎ ያለው ሰው አንዷን ያሰልፋል፣ ሌሎቹን ለሌላ ሥራ ያውላል። ሽማግሌዎቹ ሕጉን ያወጡት የማንም ቤት ጦሙን እንዳያድር ብለው ነው።

ሚናስ ታዲያ ስምንት በቅሎ ገዛና በስምንት ድሃ ስም ተራ አስገባ። ማታ ሁሉም የሚገቡት እሱ ግቢ ነው፤ ኪራዩም የሚገባው እሱ ኪስ ነው። ስማቸውን ያዋሱት ሰዎች በቅሎዎቹን እየነዱ የቀን ክፍያ ይቀበላሉ። ይህን የማያውቅ ሰው ደባርቅ ውስጥ የለም፤ ደፍሮ የሚናገርም አልነበረም።

እሌኒ ጓደኛዬ ናት። ባሏ ሲሞት የተወላት ቡላ የምትባል አንዲት በቅሎ ብቻ ነው። መሬት የላትም፣ ሌላ ገቢም የላትም። እንግዳ ከቀነሰ ወዲህ ደግሞ ተራዋ እስኪደርስ ቡላ የምትበላው ከምታስገባው በልጧል። ሚናስ ይህን ስለሚያውቅ ሱቄ በር ላይ ባገኛት ቁጥር ይጠይቃታል።

"እሌኒ፣ በቅሎዋ ከስታ ሳትሞትብሽ ሽጭልኝ። አዝኜልሽ ነው እኮ።"

"ተራዬን እየበሉ ያዝኑልኛል?" አለችው አንድ ቀን።

"የማንን ተራ በላሁ? የማንን ቤት ሰበርኩ? ሰዎቹን ሥራ ፈትተው አገኘኋቸው፣ እንጀራ አበላኋቸው። እኔ በላቤ ያደግሁ ሰው ነኝ!"

እውነቱን ልናገርና፣ አነጋገሩ ለእኔም ጣፈጠኝ። ከዳባት እህል በጀርባው ተሸክሞ ሲመጣ አባቴ አይቶታል። እሌኒ ግን "እንግዲያው ሽማግሌ ፊት እንገናኝ" ብላው የቡላን ገመድ ይዛ ሄደች።

"አብደሻል?" አልኳት ተከትያት። "ማን ይመሰክርልሻል? የባልሽ ወንድም ደምለው ራሱ ስሙን ካዋሱት አንዱ ነው!"

"ደምለውን አላስጨንቀውም።"

"ታዲያ ማንን ልትጠሪ ነው?"

"ሚናስን" አለች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ ተራው ዳር ካለው ኮሶ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ሰብሳቢው አባ ሀብተ ሚካኤል ናቸው። ስምንቱ ሰዎች የሚነዷቸውን በቅሎዎች እንደያዙ ቆመዋል፤ ደምለው መሬት መሬቱን ያያል። እኔም ሱቄን ዘግቼ መጥቻለሁ።

"አባ፣" አለች እሌኒ፣ "ምናልባት አቶ ሚናስን በሐሜት ጠርጥሬያቸው ይሆናል። ከሆነ በሁላችሁ ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ብቻ የእነዚህ በቅሎዎች ባለቤት ማን እንደሆነ ከራሳቸው አፍ ልስማ።"

ደሜ ፈላ። ይቅርታ! በገበያ ቀን ሱቄን የዘጋሁት ለዚህ ነው? ሚናስም በቅሎ አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው እንዳለችው፣ ነገሩን ያድበሰብሳል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ይቅርታዋ ደስ ብሎት ጋቢውን አስተካክሎ ተነሣ።

"የእኔ በቅሎ አንዲት ናት፣ ቤቴ ታስራለች። እነዚህ ስምንቱ የእነዚህ የስምንቱ ሰዎች ንብረት ናቸው። ኪዳነ ምሕረትን!"

"ተመስገን" አለች እሌኒ። "እንግዲያውስ አባ፣ ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዷ በቅሎ ባለቤቷ ቤት ትደር።"

"በረት ስለሌላቸው እኮ ነው የማሳድርላቸው" አለ ሚናስ።

"ላሳደሩላቸው እግዜር ይስጥልን። ባለቤቱ ልውሰድ ካለ ግን አይከለከልም።"

አባ ሀብተ ሚካኤል ሚናስን ትክ ብለው አዩት። "የኪዳነ ምሕረትን ስም ጠርተሃል፣ ሚናስ" አሉት። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞሩ። "በሉ፣ በቅሎዋ የእኔ ናት የሚል ይውሰድ።"

ማንም አልተነቃነቀም። የቀን ክፍያው ትንሽም ብትሆን የእለት እንጀራቸው ናት። ፈርተው ነበር፤ እኔም ፈራሁላቸው። እሌኒ ብቻ አልፈራችም።

"ደምለው፣" አለችው ቀስ ብላ፣ "ያንተ ናት ብለውሃል እኮ።"

ደምለው ቀና አለ። ገመዱን እጁ ላይ ጠምጥሞ ወደ ሰፈሩ ሳበ። በቅሎዋ ግን እግሯን ተክላ አንገቷን ወደ ሚናስ ግቢ አዞረች። ቢስባት፣ ቢለምናት እምቢ አለች።

ሚናስ ሳቀ። "አያችሁ? እሷ እንኳ የጌታዋን ቤት ታውቃለች!"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ተሰብሳቢው በአንድነት አውካካ፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ እስኪያለቅስ ሳቀ። ሚናስም ምን እንዳለ ሲገባው ፊቱ ጠቆረ።

ለማንም በነጻ ሰጥቼ የማላውቀው እኔ፣ ሮጬ ሱቄን ከፍቼ የጨው ድንጋይ አመጣሁና ደምለው መዳፍ ላይ አኖርኩለት። በቅሎዋ አሸተተች፣ ላሰች፣ ተከተለችው። ያን ጊዜ ሁለተኛው ሰው ጨው ጠየቀኝ፣ ሦስተኛውም ጠየቀኝ። ስምንተኛዋ ስትሄድ የጨው ዕቃዬ ባዶ ነበር።

ሰው ሲበተን ሚናስ እሌኒ አጠገብ ደረሰ። "እኔንስ ጎዳሽኝ፤ አንቺ ምን ተጠቀምሽ? ተራሽ እኮ አላጠረም። ስምንቱም ከፊትሽ ናቸው።"

"አውቃለሁ" አለችው። "ትናንት ከፊቴ የነበረው አንድ ቤት ነበር፤ ዛሬ ስምንት ቤት ነው። እጠብቃለሁ።"

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ደምለው በአዲሲቱ በቅሎው አንድ ጭነት ገለባ አምጥቶ ቡላ ፊት አራገፈ። "ተራሽ እስኪደርስ ነው" አላት። እሌኒ ያን ጊዜ ብቻ አለቀሰች።