ከችቦው ሥር የወጣው እጅ

ችቦው በሦስተኛው ጥጥ ለቀቀ።

የግድግዳ ሥዕል አዳሿ ጥጡን በቀጭን እንጨት ጫፍ ጠቅልላ፣ ማጽጃው ውስጥ ነክራ፣ ግድግዳው ላይ በተሳለው ነበልባል ላይ ቀስ አድርጋ ስታንከባልለው ቀዩና ቢጫው ተያይዘው መጡ። እሷ ያሰበችው ጥላሸቱን ብቻ ለማንሳት ነበር። አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ሥራ ስትቆይ የመጀመሪያው ቀለም ከልስኑ ጋር ተዋህዶ እንደሚደርቅ፣ እንዲህ በቀላሉ እጅ እንደማይሰጥ አውቃለች። ቶሎ የሚለቅ ቀለም በኋላ የመጣ ነው።

"ምነው ድርቅ አልሽ? እባብ አየሽ እንዴ?" አላት ግንበኛው ከታችኛው ርብራብ። የግድግዳውን ስንጥቅ የሚደፍነው እሱ ነው። ረጅም ስለሆነና የተጣመመ ነገር አይቶ ማለፍ ስለማይችል ቱንቢ ይሉታል።

"ና ውጣ፤ እስቲ አንተም እየው።"

ቱንቢ ወጣ። በለቀቀው ቀለም ቦታ የሴት መዳፍ ይታያል። መዳፉ ላይ ሁለት የእርሳስ ፊደላት አሉ፤ ድሮ ማተሚያ ቤት አንድ በአንድ እየተለቀሙ ይደረደሩ የነበሩት ዓይነት።

"በስመአብ! ችቦ ያዡ ሴት ነበር?" አለ ቱንቢ። "ቅዳሜ ሚኒስትሩ ሲመጡ 'ይቅርታ፣ ጾታው ተቀይሯል' ልንላቸው ነው?"

እሷ አልሳቀችም።

ይህን ሥዕል የማያውቅ የለም። ከሠላሳ አምስት ዓመት በፊት፣ ሁሉም ነገር ሊታደስ ነው በተባለበት ዘመን፣ ዘጠኝ ወጣቶች የፖስታ ቤቱን አዳራሽ ግድግዳ ለምነው ሳሉበት። አርባ ሰዎች መጽሐፍ ይዘው ይራመዳሉ፤ ከፊታቸው አንድ ጎልማሳ ችቦ ከፍ አድርጎ ይመራቸዋል። ችቦ ያዡ በኋላ ቴምብር ላይ ወጣ፤ የመማሪያ መጽሐፍ ሽፋን ሆነ፤ የፓርቲ አርማ ሆነ። ያንን ፓርቲ የጣለው ፓርቲም አርማውን ወረሰና ችቦውን ትንሽ አሳጠረው። ዘንድሮ ደግሞ የዳግም ልደት ዓመት ታውጇል፤ በዓሉ የሚከፈተው ከሦስት ቀን በኋላ እዚሁ ግድግዳ ሥር ነው።

መብራቱን ከጎን አስጠጋችው። በኋላ የተደረበው ቀለም አንድ ሹም ያዘዘው፣ በቀን ሒሳብ የተቀጠረ ቀለም ቀቢ የሠራው ይሆናል ብላ ነበር። ብርሃኑ አግድም ሲያርፍ ግን የብሩሹ ጭረቶች ጎልተው ወጡ፤ ሁሉም ከላይ ከግራ ተነስተው ወደ ታች ወደ ቀኝ ይወርዳሉ። የግራኝ እጅ ነው። ከዘጠኙ ውስጥ ግራኝ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እጇን ይዞ ብሩሽ ያስጨበጣት፣ ዛሬ የባህል አማካሪ የሆነው መምህሯ ነው። ጭረቱን እንደ እጅ ጽሑፍ ታውቀዋለች። ልትሳሳት የምትችልበትን መንገድ ሁሉ ፈለገች፤ አጣች።

የእርሳስ ፊደሎቹን እንደገና አየቻቸው። እናቷ በወጣትነቷ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበረች።

ልጅ ሳለች እናቷ በፖስታ ቤቱ ባለፉ ቁጥር "እኔም እኮ እዚያ ግድግዳ ላይ ነበርኩ" ትል ነበር። አክስቶቿ "አንቺ ደግሞ የሌለሽበት የለም!" እያሉ ይስቁባታል። ዩኒቨርሲቲ በገባች በሁለተኛ ዓመቷ መምህሯን ጠየቀችው። እሱም ሳቅ ብሎ "እናትሽ ጨዋታ ታውቃለች" አላት። ያን ቀን ቤት ገብታ "እማ፣ እባክሽ ሰው ፊት አታውሪው፤ ያሳፍረኛል" አለች። እናቷ "እሺ" አለች። ከዚያ ወዲህ ስለ ግድግዳው ትንፍሽ አላለችም።

ለመምህሯ ደወለች። ሳይውል ሳያድር፣ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ መጣ። ቱንቢ ነገሩ ስላላማረው "ውሃ ልቅዳ" ብሎ ባልዲውን ይዞ ወረደ፤ ባልዲው ሙሉ ነበር።

መምህሯ መሰላሉን አልወጣም። ከታች አንጋጦ ብዙ ቆየ።

"ለማን አሳየሽ?"

"ከግንበኛው በቀር ለማንም። ጋሼ፣ ይህ የእርስዎ እጅ ነው።"

"የኔ ነው" አለ። መካዱን ጠብቃ ነበርና ደነገጠች። "ከሳልነው በአራተኛው ዓመት ሹሞቹ ጠሩኝ። የታደሰ ሕዝብ የሚመራው በጠንካራ ወንድ ነው አሉ፤ ፊደል ለቃሚ ሴት አትመራውም። ወይ እሷ ትወጣለች፣ ወይ ግድግዳው በሙሉ ኖራ ይቀባል። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር? አርባውን አተረፍኩ።"

"አርባ አንድ ነበሩ።"

ዓይኑን ከግድግዳው አወረደ።

"እናቴ ናት አይደል?"

"እናትሽ ናት። ያኔ እናወጣው የነበረውን ጋዜጣ ፊደሉን እየለቀመች የምታዘጋጀው እሷ ነበረች። ግማሹንም የምትጽፈው እሷ ነበረች፤ ይህን አሁን ማንም አያውቅም።"

"ስጠይቅዎ ግን ሳቁ።"

"ምን ልበልሽ ኖሯል? ገና ልጅ ነበርሽ።"

"እኔን ለማስተማር ሲመርጡኝ የማን ልጅ እንደሆንኩ ያውቁ ነበር?"

"ስለማውቅ ነው የመረጥኩሽ" አለ፤ ይህን የተናገረው እንደ ስጦታ ነበር። "ለእሷ ያልሆንኩትን ለአንቺ ልሁን ብዬ ነው።"

ሠላሳ ተማሪ ተወዳድሮ እሷ አንደኛ መባሏን፣ በደስታ እያለቀሰች ቤት መግባቷን፣ እናቷ ማን እንደመረጣት ስትሰማ ፊቷን ወደ ምድጃው ማዞሯን አስታወሰች። ያኔ ቅናት መስሏት ተቀይማ ነበር።

"ስሚኝ ልጄ" አለ መምህሯ ወደ መሰላሉ ተጠግቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ዛሬውኑ በውሃ ቀለም ሸፍኚው። በኋላ በቀላሉ ይለቃል። በዓሉ ይለፍ፤ ዓመት ሁለት ዓመት ቆይተን በጥናት እናወጣዋለን። አዲስ ግኝት ተብሎ፣ በአንቺ ስም።"

"በኔ ስም?"

"በአንቺ ስም። አሁን ካወጣሽው ግን ሥራሽም ይሄዳል፣ እኔም እሄዳለሁ። ለአንድ መዳፍ።"

"እሺ ጋሼ" አለችው። ከአፏ ሌላ ቃል አልወጣም፤ ዕድሜዋን ሙሉ ለእሱ የመለሰችለት ይህንኑ ነው። እሱም አመነና ሄደ።

ቱንቢ ተመለሰ። ባልዲው አሁንም ሙሉ ነው።

"እኔ ምንም አልሰማሁም" አለ። "ብቻ በእኛ ሙያ የተጣመመ ግድግዳ ላይ ልስን ቢደርቡበት ልስኑም ይጣመማል። ቀለሙን ልበጥብጥልሽ ወይስ ይቅር?"

"ትንሽ ቆይ።"

ስልኳን አወጣችና እናቷ ጋ ደወለች።

"ምነው በሰላም ነው? በዚህ ሰዓት!" አለች እናቷ። "ቆይ እስቲ ራዲዮኑን ልዝጋው። ይኸው ከጠዋት ጀምሮ ታድሰናል፣ ታድሰናል ይላል፤ የኔ ጉልበት ግን ያው ነው።"

"እማ..."

ልትጠይቃት ያሰበችው አንድ ነገር ነበር። የችቦ ያዡ እግር ያለበት ክፍል ገና አልተነካም። 'ያኔ ሲስሉሽ ምን ዓይነት ጫማ አድርገሽ ነበር?' ብትላትና መልሱን ከግድግዳው ጋር ብታስተያየው፣ ማንም የማይክደው ማስረጃ ይሆናል። ጥያቄው ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። እናቷን ዛሬም ልትመረምራት እንደሆነ የገባት ያኔ ነው።

"ምነው ዝም አልሽ? ታመምሽ እንዴ?"

"ደህና ነኝ። ነገ ጠዋት መጥቼ ልወስድሽ ነው። ወደ ፖስታ ቤቱ።"

በስልኩ ውስጥ የራዲዮኑ ድምፅ ጠፋ።

"የማወራው ነገር የለም እኮ" አለች እናቷ ቀስ ብላ። "አላሳፍርሽም።"

"አውቃለሁ እማ። አንቺ አታፍሪ።"

ስልኩን ዘጋች። ቱንቢ የቀለም ጣሳውን በእጁ ይዞ ይጠብቃል።

"እሱን ተወው" አለችው። "ከቻልክ መብራቱን ወደ ላይ ያዝልኝ።"

ከዚያ አዲስ ጥጥ ጠቀለለች፤ ማጽጃው ውስጥ ነከረችና የችቦ ያዡ ፊት ላይ አሳረፈችው።