ሦስት ቀን ብቻ

ያረጀ ሶፋ ሲፈታ መጀመሪያ የሚወጣው ጨርቁ አይደለም፣ አቧራው ነው። የሰው ቤት የሃያ ዓመት ብናኝ፣ የድመት ፀጉር፣ የበሰበሰ ስፖንጅ ዱቄት፣ ሁሉም ባንድ ላይ ቡን ብሎ ፊት ላይ ይወጣል። ሶፋ ሰሪው ለምዶታል፤ ዓይኑ እንደ መዳፉ ደንድኗል። ታናሽ ወንድሙ ግን አልለመደም። ገና የመጀመሪያውን ሶፋ ሲቀድ ዓይኑ ያሳክከው ጀመር፣ አሸው፣ ባሸው ቁጥር ባሰበት፣ በሳምንቱ እንደ ቲማቲም ቀላ።

ታናሽየው በምህንድስና ተመርቆ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ማመልከቻ ሲያዞር ከርሞ፣ ምንም ሲያጣ ነው “ለጊዜው” ብሎ ወንድሙ ዘንድ የገባው። ይቺ “ለጊዜው” የምትባል ቃል ታላቅየውን ከአቧራው በላይ ታሳክከው ነበር። እሱ ሃያ ሁለት ዓመት ወገቡን ያጎበጠበት ሥራ ለሌላው “ለጊዜው” ነው! ከጎን ያለው አናጢ ደግሞ ቀልድ አያልቅበትም፤ ልጁን “ዲግሪ” ብሎ ሰይሞታል።

“ዲግሪ! እስቲ ያን መዶሻ አቀብለኝ። የሚያዘው በእንጨቱ በኩል ነው፣ እሺ?”

ልጁ ይስቃል። ታላቁም ይስቃል፤ እሱ ግን ከሁለቱ ይልቅ ትንሽ ረዘም አድርጎ ነው።

የድሮው ነገር እንዲህ ነው። አባታቸው ሲሞት ታላቁ አራተኛ ክፍል ነበር፣ ከክፍሉም ሦስተኛ ይወጣ ነበር፤ ይህን ዛሬ የሚያስታውስ ከሱ በቀር የለም። እናታቸው አስቀምጣ “አንተ እጅ አለህ፣ እሱ ደግሞ ጭንቅላት አለው፤ አንዱ እንኳ ይማር” አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለ እጅ ሆኖ ቀረ። ታናሹ ሲመረቅ ጋዋን ለብሶ የተነሳው ፎቶግራፍ ግድግዳው ላይ ሲሰቀል ሚስማሩን የመታው እሱ ነው። ሚስማር ለመምታት መቼም እሱን የሚያህል የለም።

ታዲያ አንድ ቀን ደብዳቤ መጣ። ታናሽየው ለባቡር ነጂነት ሥልጠና የጽሑፍ ፈተናውን አልፏል፤ የቀረው የዓይን ምርመራ ብቻ ነው፣ ከዐሥር ቀን በኋላ። ልጁ ደብዳቤውን ሦስቴ አነበበውና ወዲያው መስታወት ፈለገ።

“ጋሼ፣ በዚህ ዓይን ሐኪም ፊት ብቀርብ በር ላይ ነው የሚመልሰኝ። ጨርቅ ልትገዛ ስትወጣ አንድ ጠብታ ያዝልኝ። ቶሎ የሚያነጣውን በላቸው።”

ታላቁ ወጣ። እዚህ ድረስ በልቡ ምንም ተንኮል አልነበረም፤ ይህን ማንም ፊት ይምላል።

ፋርማሲስቷ ወጣት ናት። ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ሱሪው ላይ የተጣበቀውን ሙጫ አየች። ሁለት ትንንሽ ካርቶን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

“ይሄ ለማሳከኩ ነው። አለርጂውን ነው የሚይዘው፣ ቀን ሁለቴ ያደርገዋል። አቧራ ላይ ለሚሠራ ሰው ይሄ ይሻላል። ይሄኛው ደግሞ መቅላቱን ወዲያው ያጠፋል፣ ግን ከሦስት ቀን በላይ አይደረግም። ዓይኑ ይለምደዋል። ከለመደው በኋላ ሲለቀው ከፊተኛው ብሶ ነው የሚቀላው።”

“የሚያነጣውን ነው የታዘዝኩት።”

“ሦስት ቀን ብቻ፣ እሺ? ሦስት።” ጣቶቿን ዘርግታ አሳየችው፣ ለሕፃን እንደሚያሳዩት። “ቤት ውስጥ ማንበብ የሚችል ሰው አለ?”

“አለ” አላት። “ከሚገባው በላይ የሚያነብ አለ።”

ወርክሾፑ ሲመለስ ሦስቱ ጣቶች ከፊቱ አልጠፉም። ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ ጣለና ያቋረጠውን ወንበር መምታት ቀጠለ። ሶፋ ሰሪ ትንንሾቹን ሚስማሮች በአፉ ነው የሚይዛቸው፤ አንድ እፍኝ ይጎርስና በምላሱ እያዞረ አንድ በአንድ ወደ ከንፈሩ ያወጣል፣ አንዱ እጁ ጨርቁን ይወጥራል፣ ሌላው ይመታል። አፉ እንዲህ የሞላ ሰው ማንም አያናግረውም፤ የሥራው ወግ ነው።

ታናሹ ግን ሮጦ መጣ። “አመጣህልኝ? ምን አለችህ?”

ታላቁ አንድ ጣቱን አነሳ፤ ቆይ፣ ማለቱ ነው።

“ተወው ጋሼ፣ አንተ ደግሞ ምኑን ከምኑ ታደርገዋለህ! ወረቀቱ ላይ ይኖራል፣ አነበዋለሁ።”

“ኧረ ዲግሪ የማያነበው የለም!” አለ አናጢው ከበሩ ላይ፣ ሁለቱም ሳቁ።

ታላቁ አፍ ውስጥ ሰባት ሚስማር ነበረ። መትፋት ይችል ነበር። አልተፋም። ያነበዋል፣ አለ በልቡ፤ ያንብበው እንጂ፣ ለንባብ አይደል የተፈጠረው?

ልጁ ካርቶኑን ቀደደ፣ ወረቀቱን “በኋላ” ብሎ ስፖንጅ ቁርጥራጩ ላይ ወረወረ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ጠብ ጠብ አደረገ። ሩብ ሰዓት አልቆየም፣ ዓይኑ እንደ ወተት ነጣ። “ተአምር ነው እኮ!” እያለ ታላቁን አቀፈው። በማግስቱ ጠዋት ታላቁ ሲጠርግ ወረቀቱን አገኘው፣ እንደታጠፈ፣ ማንም አልነካውም። ገለጠው። የተጻፈው በባዕድ ቋንቋ ነው፣ ጉንዳን የመሰለ ፊደል፤ መሐሉ ላይ ግን ሦስት ቁጥር ደመቅ ብላ ቁጭ ብላለች። ሦስትን ለማንበብ አራተኛ ክፍልም አያስፈልግም። ወረቀቱን ከስፖንጁ ጋር ወደ ማዳበሪያው ከረጢት ጠረገው።

በአራተኛው ቀን ዓይኑ እኩለ ቀን ሳይሆን ቀላ። ልጁ ጨመረ። በአምስተኛው ቀን ሦስቴ፣ በሰባተኛው ስንቴ እንደሆነ የቆጠረ የለም።

“ይሄ አቧራ ሊጨርሰኝ ነው” ይላል። “ይሄን ጠብታ ባትገዛልኝ ምን ይውጠኝ ነበር ጋሼ!”

ጋሼ ምሳውን ትቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። የመጀመሪያው ቀን ዝምታ ቂም ነበር፣ የአምስተኛው ቀን ግን ፍርሃት ነው፤ አሁን ቢናገር “እስከ ዛሬስ የት ነበርክ?” ይባላል። ደግሞ ለራሱም ያልነገረው ሌላ ነገር ነበረ። ልጁ ከሄደ የሶፋውን ያኛውን ጫፍ የሚያነሳለት ማን ነው? ቀኑን ሙሉ ከአናጢው ጋር ሊቀልድ ነው? በስምንተኛው ቀን እንደምንም ደፍሮ “ያን ነገር አበዛኸው መሰለኝ” አለ።

“ካላደረግኩትማ ይኸው! እየው እስቲ፣ እሳት እኮ ነው!”

“አይ፣ እኔ እንኳ ዝም ብዬ ነው” አለና መቀሱን አነሳ።

ለምርመራው አብሮት ሄደ። ወርክሾፑን ዘግቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፤ ለምን እንደሄደ ብትጠይቁት አይነግራችሁም። ሐኪሙ ክፍል ጥግ ያለች ወንበር ላይ አስቀመጡት። ልጁ ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደሎች ሲጠራ እንባው እየጋረደው ሦስተኛው መስመር ላይ ቆመ። አበሰ፣ ሞከረ፣ ደግሞ ቆመ።

ሐኪሙ በመሣሪያው አጎንብሶ አየና ቀና አለ። “ምን እያደረግክበት ነው?”

ልጁ ብልቃጡን ከኪሱ አወጣ።

“ይሄን ስንት ቀን?”

“ዐሥረኛ ቀኔ ነው።”

“ይሄ እኮ የሦስት ቀን ነገር ነው! ዓይንህ አልታመመም፣ ጠብታው ነው እንዲህ ያደረገህ። አሁኑኑ ተወው። ሁለት ሳምንት ቢፈጅ ነው፣ ይጠራል። ያኔ ተመለስ።”

“ዶክተር፣ የሠልጣኞቹ ስም ዝርዝር የሚላከው ዛሬ ነው።”

“በዚህ ዓይን ላይ ግን አልፈርምም።” ሐኪሙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ብዕሩን አስቀመጠ። “የሸጠችልህ ሴትዮ አልነገረችህም?”

“እኔ አልገዛሁትም። ወንድሜ ነው የገዛልኝ።” ልጁ ወደ ጥግ ሳይዞር ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ግን ክፍሉ ጠባብ ነው። “በሱ አይፍረዱ፣ እሱ ምን ያውቃል? ያልተማረ ሰው ነው። ማንበብ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።”

ሐኪሙ ወደ ጥግ ተመለከተ፣ በደግ ዓይን። ታላቁ ይህን አስተያየት ያውቀዋል፤ ዕድሜ ልኩን ሲታይ የኖረው በዚሁ ዓይን ነው። አሁን ግን መዳኛው ሆኖ መጣ። አፉን መዝጋት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ምን ያውቃል፤ አለቀ፣ ነፃ ነው።

“ነግራኛለች” አለ።

“ምን?”

“ሦስት ቀን ብላኛለች። ሁለቴ ነው ያለችኝ። ወረቀቱንም አይቼዋለሁ። ገብቶኝ ነበር።”

ኅሊናው አሸንፎት ቢሆን በወደደ። ግን በዚያች ሰዓት ደረቱ ላይ የነደደው ሌላ ነው፤ “ምን ያውቃል” የምትለዋ ናት። ወንድሙን ሲጎዳ ዝም ያሰኘው ኩራት፣ ሲናዘዝም ያናገረው ያው ኩራት ነው። ይህንን ራሱ ያውቃል፤ ከሁሉ የከፋውም ይሄ ነው።

ኮሪደሩ ላይ ልጁ ቆመ። ቀያይ ዓይኖቹን ወንድሙ ላይ ተከለ።

“ለምን?”

ታላቁ ለዚህ ጥያቄ ሃያ ሁለት ዓመት ያዘጋጀው መልስ ነበረው። ስንቴ ብቻውን ሲለማመደው ኖሯል! “እማማ ያን ጊዜ…” ብሎ ጀመረ፣ ቀጥ አለ። ያን ጊዜ ይሄ ልጅ አምስት ዓመቱ ነበር። አንዱ ይማር ሲባል ማን እንደሚማር ማንም አልጠየቀውም። ጠረጴዛ ሥር ተቀምጦ በጨርቅ ቁራጭ እየተጫወተ ነበር።

“ምን አለች እማማ?”

“ምንም።”

ሰዎች በመካከላቸው አለፉ። ልጁ ዓይኑን ለማሸት እጁን አነሳና ትዝ ብሎት መልሶ አወረደው።

“የሆቴሉ ወንበሮች ነገ አይደል የሚመጡት?” አለ በመጨረሻ። “ስንት ሰዓት ነው የምንከፍተው?”

“አትምጣ ወንድሜ። አቧራ ነው። ዓይንህ…”

“እና የት ልሂድ?”

መልሱን አልጠበቀም፣ ደረጃውን ይወርድ ጀመር። ታላቁ ሁለት ደረጃ ወደ ኋላ ቀርቶ ተከተለው፤ ሊደርስበት ቢችልም አልደፈረም።