የሚካኤል ከበሮ ወደ ኮኪት ሲሄድ

መሪጌታ ይርዳው በጾም ጉዳይ ቀልድ አያውቁም። በዐቢይ ጾም ከበሮ አይመታም፤ መቋሚያ ይበቃል። አንድ ዲያቆን በጾሙ መካከል ቆዳውን በጣቱ መታ ቢያደርገው ሳምንት ሙሉ አኩርፈውታል።

ታዲያ ምን ያደርጋል፣ ለከበሮው መኪና የተገኘው በደብረ ዘይት ማግስት፣ በጾሙ እኩሌታ ነው። ከገለጉ ወዲያ ያለው መንደራቸው በመንደር ምሥረታ ተነሥቶ ሰዉ ኮኪት ከሰፈረ፣ የሚካኤል ቤተ ክርስቲያንም ከተዘጋ ዓመት ሆኖታል። ታቦቱ በካህናት ራስ ላይ ቀድሞ ሄዷል። ከበሮው ግን የሁለት ቀን እግር መንገድ በትከሻ የሚዘለቅ አልሆነምና ከተዘጋው ቤት ቀረ፤ ምስጥም ደጃፉን ጀመረ። የኮኪቱ ቤተ ክርስቲያን ከበሮ ደግሞ ተቀዷል። መሪጌታ "ለፋሲካ አደርስላችኋለሁ" ብለው ለሰዉ ቃል ሰጥተዋል። ቃላቸውን ቢያጥፉ በምን ፊታቸው ይቆማሉ?

ባለመኪናው ሽኩር የመተማ ነጋዴ ነው። ከበሮውን በጋቢ ጠቅልሎ ከማሽላው ጆንያ ላይ አሰረላቸው። ለቀን ሥራ ከደጋ የወረዱ ሳሉጎችም አብረው ተጫኑ።

ኬላው ላይ ፈታሹ ጋቢውን ገለጠና ከበሮውን አስወረደው።

"ውስጡ ምንድን ነው?"

"ባዶ ነው ልጄ። የቀበሌው ፈቃድ ይኸውና።"

"ባለፈው ሳምንት ከንብ ቀፎ ውስጥ ጥይት አውጥተናል።" ሳንጃውን መዘዘ። "ወይ ይምቱትና ድምፁን ልስማ፣ ወይ ቀድጄ ልየው።"

መሪጌታ ሳንጃውንና ከበሮውን አዩ። ቢመቱት ጾሙ፣ ባይመቱት ከበሮው። ሽኩር ጠጋ አለ።

"እኔ ልምታው መሪጌታ። ጾሙ የእናንተ እንጂ የእኔ አይደለም።"

"የለም። ኃጢአቴን አንተን አላሸክምህም።"

ማንገቻውን አንገታቸው ላይ አጠለቁ። "ይቅር በለኝ" አሉና አንድ ጊዜ መቱ።

"ይድገሙት።"

ደገሙት። ፈታሹ ጆሮውን ወደ ከበሮው ግንድ አስጠግቶ አዳመጠና ሳንጃውን ዝቅ አደረገ። "ባዶ ነው። በቃ፣ ሂዱ።"

እዚህ ላይ ማቆም ነበረባቸው። እጃቸው ግን እንቢ አለ። ዓመት ሙሉ ያንን ድምፅ አልሰሙትም፤ ሲሰሙት ናፍቆቱ አንጀታቸውን በላው። ቀስ ብለው ጀመሩ፣ ከዚያ ወረቡን እያፋጠኑት ሄዱ። ሳሉጎቹ ከመኪናው ዘለው ወረዱና ማጨብጨብ ያዙ። ከሻይ ቤቱም ሰው እየወጣ ከበባቸው።

ፈታሹ ከኬላው ጀርባ ወዳለው የካድሬ ቢሮ መስኮት ዞር ብሎ አየ። ካድሬው መስኮቱ ላይ ቆሞ ሰዉን ያያል።

"በቃ ብያለሁ። ሰው አትሰብስቡብኝ።"

ሽኩር እጅጌያቸውን ጎተተ። "ኻላስ መሪጌታ፣ ኻላስ። በቃ ብሏል እኮ።"

እውነቱን ለመናገር ሰምተዋል። ፈታሹንም ሽኩርንም ሰምተዋል። የወረቡን ቤት ልጨርስና አቆማለሁ ብለው ነው።

ሳንጃው በሰፊው አፍ በኩል ገባ። ቆዳው ከዳር እስከ ዳር ተተረተረ፤ የመሪጌታ እጅ በቀዳዳው ገብቶ ቀረ። ጭብጨባው ጸጥ አለ፤ ሰዉም አንገቱን ደፍቶ ተበተነ።

መኪናው ብዙ ርቀት ከሄደ በኋላ ሽኩር ተናገረ። "ተገደው ነው መሪጌታ። ማንም አይፈርድብዎትም።"

"ሁለት ጊዜ አስገደደኝ። ከዚያ ወዲያ ያለው የእኔ ነው።"

መሪጌታ ጉልበታቸው ላይ ያለውን ከበሮ በጋቢው መልሰው ሸፈኑት።

ኮኪት ሲገቡ የመንደራቸው ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ጋቢው ውስጥ ያለውን ከበሮ ሲያዩ ሴቶቹ እልል ሊሉ ተነሡ። መሪጌታ ከመኪናው ሳይወርዱ እጃቸውን አነሡ።

"ቆዩ" አሉ። "ከበሮው ተቀዷል። ያስቀደድኩት እኔ ነኝ።"